ያልተጠመቀችው አያቴ ገሃነም ናት? ስለ ነጻ ፈቃድና ስለ እግዚአብሔር ፍርድ

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የደብረ ዘይት እሑድ ማታ ጉባኤ ሄጄ ነበር። ሰባኪው እንግዳ ነው፤ ስሙንም ደብሩንም አልጽፍም፣ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። ማቴዎስ 25ን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አነበበው። «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ።» እስከዚህ የጌታ ቃል ነው፣ አፌን ይዤ ሰማሁ። ከዚያ የራሱን ጨመረበት። «ያልተጠመቀ ሁሉ ቢሰግድም ቢመጸውትም ያው ነው፤ ዕጣው እሳት ነው፣ ማብቂያ የሌለው» አለ። እልልታው ቀለጠ። እልል ካሉት ሴቶች ቢያንስ የሁለቱን እናቶች አውቃቸዋለሁ። እስላሞች ናቸው። ልጆቹ ምን ላይ እልል እንዳሉ ገብቷቸው ይሆን እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የእኔም አያት እስላም ነበረች። የአባቴ እናት ናት፤ እማማ ነው የምንላት። ተወልዳ ያደገችው ወረባቦ ነው። ባሏ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም፣ ሁለቱም ሳይለውጡ አርጅተው ሞቱ። ሌላ አገር ሰው ይገርመው ይሆናል፤ ለወሎ ሰው ግን ወሬም አይሆን።

ሥጋ የሚሠራባቸው ሁለት ድስቶች ነበሯት። የእኛው ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ ከሷ ጋር እንዳይቀላቀል። ለፋሲካ ዶሮውን በራሷ ገንዘብ ትገዛለች። ለጎረቤት ልጅ ትሰጠውና በስመ አብ ብሎ ያርድላታል። ከዚያ መለብለቡ፣ መገነጣጠሉ፣ ሽንኩርት ማቁላላቱ የሷ ነው። ግን አትቀምሰውም። የክርስቲያን ሥጋ ነዋ። ጨውና በርበሬውን በሽታ ትለካለች። አንዳንዴ ጨው ይበዛል፤ አባቴ ምንም ሳይል ውኃ እየጠጣ ይበላል። በፍልሰታ እኛ ልጆቹ ስንጾም ወተቷን ጓዳ ገብታ ነበር የምትጠጣው፣ እንዳያምረን። ወደ ግሸን የሚሄድ ጎረቤት ካለ ጧፍ ገዝታ «ለማርያም አድርሱልኝ» ትላለች። ስትሞት መቃብሯን የቆፈሩት የቅሬው (የዕድሩ) ሰዎች ናቸው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም።

ጥሩ ሰው ነበረች ብዬ ላስለቅሳችሁ አይደለም። ጥሩ አያት የሌለው ማን አለ? ጥያቄዬ ሌላ ነው።

ገሃነም የገባ በገዛ ምርጫው ነው የገባው ይባላል። ነጻ ፈቃድ። እሺ። እማማ መቼ መረጠች? ፋቲሐን ከጡት ጋር ነው የተማረችው። እኔስ መቼ መረጥኩ? በሰማንያ ቀኔ ተጠመቅሁ። «ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እንዲያውም ውኃው ሲነካኝ ቤቱን በጩኸት አቀለጥኩት አሉ። እሷ በእናቷ ጀርባ፣ እኔ በክርስትና እናቴ እጅ። ሁለታችንም ያልመረጥነውን ይዘን፣ አንዷ ለዘላለም መንግሥት አንዷ ለዘላለም እሳት? እንዲህ ያለ ፍርድ ቀበሌ ቢፈርድ ይግባኝ እንል ነበር።

ደግሞ ልኩስ? ሰው የሚኖረው ቢበዛ ሰማንያ ዘጠና ዓመት ነው። በዚያ ዕድሜ የተሠራ ኃጢአት ማብቂያ ለሌለው ቅጣት እንዴት ይበቃል? የሰው ሕግ እንኳ ዶሮ የሰረቀውን ነፍስ ካጠፋው ይለያል።

«ምስጢር ነው፣ አትመራመሪ» የምትሉኝ ካላችሁ ደግሞ አትልፉ። አብርሃም ራሱ «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ ፈጣሪን ፊት ለፊት ጠይቋል። ያውም ለሰዶም። እኔ የምጠይቀው ለእማማ ነው።


የመርሳ ልጅ

እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ሃይማኖት ግን በአንጀት አይሆንም። ጌታ ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ብሎታል። ማርቆስ 16 ላይ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል፥ ያላመነ ግን ይፈረድበታል» ይላል። ሰባኪው ከኪሱ አላወጣውም።

መቼ መረጠች ላልሽው፣ ባሏ ክርስቲያን ነበር አላልሽም? ደወሉ በየጠዋቱ ጆሮዋ ላይ ይደወላል። ጧፍ እየላከች ማርያምን ካወቀች ልጇን ለምን አላወቀችም? በር አጥታ አይደለም።

ስለ ልኩ የጠየቅሽው የቆየ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። በደል የሚለካው በሠራንበት ሰዓት ርዝመት አይደለም፣ በተበደለው ክብር ነው። ጎረቤትን መስደብና ንጉሥን መስደብ እኩል አያስቀጣም። የተበደለው ወሰን የሌለው አምላክ ከሆነ ዕዳውም ወሰን የለውም። ሰው መግደል ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ እስሩ ግን የደቂቃ አይደለም። የአንቺ ስሌት እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው።

እውነት ስለሚመር አትቀየሚኝ።


ሰይድ (ሐይቅ ከተማ)

ሰላም ቤቶች። እኔ ሙስሊም ነኝ። ዳር ቆሜ ነበር የማነበው፤ ነገሩ ወደኛ ሰፈር ሲመጣ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። የእማማን ነፍስ አላህ ይማራት። ያንን የዶሮ ወጥ ነገር እኛም ቤት አውቀዋለሁ። የባለቤቴ እናት ክርስቲያን ናቸው፤ ለዒድ መጥተው ወጥ ያማስላሉ፣ አይቀምሱም። ስለዚህ ያንቺ ጥያቄ እኛም ቤት በሌላ በኩል ይጠየቃል።

ለመርሳው ወንድሜ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የክርስቲያኑን የእርስ በርስ ክርክር ቋጩ። ከዚያ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ተዋጉ። ሌላው ምስኪን ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። የእኛም ቅድመ አያት ቀን ማዕተብ አንገታቸው ላይ፣ ሌሊት ሰላት ይሰግዱ ነበር እየተባለ ነው ያደግነው።

እሳቸው ከውኃው ገብተዋል። ድነዋል? ካልዳኑ «በግድ ነበር፣ ፈቃዳቸው አልነበረበትም» ልትለኝ ነው። ጥሩ። ፈቃድ የሌለበት መጠመቅ ካላዳነ፣ ፈቃድ የሌለበት አለመጠመቅ እንዴት ይኮንናል?

ለማናደድ አይደለም። እውነት ማወቅ ፈልጌ ነው። በኛም በኩል መልእክቱ በቅጡ ያልደረሰው ሰው ነገር በዑለማዎች ዘንድ ብዙ ተብሎበታል። አንድ ቃል ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ።


ጋራዥ (ኮምቦልቻ)

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የኛን ቤት ጓዳ ትንሽ ልክፈትላችሁ። «ሁሉም በእምነት ይድናል፣ አለቀ» የምንል ይመስላችኋል። አላለቀም። ካልቪን የሚባለው የጥንት የፕሮቴስታንት መምህር እግዚአብሔር የሚድነውንም የሚጠፋውንም አስቀድሞ ወስኗል አለ። አርሚንዮስ የሚባል የሆላንድ ሰው ደግሞ ይህ እግዚአብሔርን የኃጢአት ባለቤት ያደርገዋል ብሎ ተቃወመ። እሱ ከሞተ በኋላ በ1618 እና 19 እ.ኤ.አ. ዶርት በምትባል የሆላንድ ከተማ ሲኖዶስ ተቀምጦ በተከታዮቹ ላይ ፈረደባቸው። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። እኛ ኅብረት ውስጥ ሮሜ 9 በተነበበ ቁጥር ግማሹ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ሸክላ ሠሪው ከአንዱ ጭቃ አንዱን ለክብር አንዱን ለውርደት ሠራ ሲል፣ ጭቃው እኔ ብሆንስ የማይል ማን አለ?

ስለ ቅጣቱ ርዝመት ደግሞ ሁላችንም አንድ አይደለንም። ጆን ስቶት የሚባለው የእንግሊዝ ሰባኪ በ1988 እ.ኤ.አ. ኃጥአን ለዘላለም እየተሠቃዩ አይኖሩም፣ መጨረሻቸው መጥፋት ነው ወደሚለው አሳብ እንደሚያደላ ጽፎ ብዙ ሰው ደነገጠበት። ይህን የሚሉ ሰዎች ማቴዎስ 10፡28ን ይጠቅሳሉ፤ «ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ የሚቻለውን ፍሩ» የሚለውን። እኔ አልተዋጠልኝም። ምክንያቱም ሰባኪያችሁ ባነበባት ቁጥር ላይ ቅጣቱም ሕይወቱም ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። አንዱን ካሳጠርኩ ሌላውን ማን ያስረዝምልኛል?

ስለ አያትሽ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ማንም በሥራው አይድንም። ጥሩ ወጥ ሠሪም ቢሆን፣ ሰባኪም ቢሆን። ስለዚህ «ያልተጠመቀው ይቃጠላል» ብሎ እልል ማስባል የሚያኮራ ነገር የለውም። ያው ሁላችንም በምሕረት ነን።


ጦሳ ሥር

ሰይድ፣ ያልከኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

የመርሳው፣ አልተቀየምኩም። ግን «ደወሉን ሰምታለች» ያልከው ጅል ነገር ነው። አንተም አዛን ሰምተህ ነው ያደግከው፤ መርሳ ላይ አዛን የማይሰማበት ቤት የት አለ? በመስማትህ ተጠያቂ ነህ ወይ? ለእማማ ደወል ማለት ባሏ የሚነሣበት ሰዓት ነው። ተነሥታ ጋቢውን ታቀብለዋለች። እሷም ለሱብሒ ትቆማለች። ሁለቱም ወደ ፈጣሪያቸው እየሄዱ ነበር የሚመስላቸው፤ ከዚያ በላይ ያስረዳት ሰው ከየት መጣ? አያቴ ወንዱ እንኳ «የሷን ለሷ ተዉት» ነበር የሚለው።

ንጉሥን ስለ መስደብ ያልከውም አልገባኝም። እኔ የማውቀው ክርስትና ውስጥ ንጉሡ ተሰድቦ፣ ምራቅ ተተፍቶበት፣ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ነው ያለው። ክብሩ ከተነካ በኋላ የሚያደርገውን እዚያ አይተነዋል።

ጋራዥ፣ ሐቀኝነትህን ወድጄዋለሁ። የካልቪን ግን ይቅርብኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል።

ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የገባበት ሰው እዚህ የለም? ስብከት አይደለም የምፈልገው። ትምህርት።


የሐዲስ ተማሪ (ሐይቅ)

እኔ ዲያቆን ነኝ፣ ሐዲሳት እየተማርኩ ነው። መምህር አይደለሁም፤ የምጽፈው የተማርኩትን ያህል ነው።

በመጀመሪያ የማይጣፍጠውን ልንገርሽ፣ በኋላ ሸነገለኝ እንዳትዪ። ቤተ ክርስቲያናችን ገሃነም ያበቃል ብላ አታስተምርም። ያበቃል ያለ ሰው ግን ነበረ። ኦሪጀን የሚባለው የእስክንድርያ ሊቅ በ3ኛው መቶ ዓመት ሁሉም በስተመጨረሻ ታጥቦ ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል ብሎ አስቦ ነበር። ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ 400 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ትምህርቱን አወገዘው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቁስጥንጥንያ ላይ ተወገዘ። የሚገርመው ግን የባስልዮስ ወንድም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ወደዚያው የሚጠጋ ተስፋ ጽፎ ሳለ እሱን ያወገዘው የለም፤ ቅዱስ እንለዋለን። እና አባቶች ይህን ጥያቄ አልፈሩትም። የአንቺን ጥያቄ ከአንቺ በፊት ሌሊት ሙሉ ያለቀሱበት አሉ።

ከነሱ አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። መነኮሳት ገዳም ውስጥ የሚያነቡት መጽሐፉ አለ፤ እኛም አገር ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ይነበባል። የ7ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው፤ በነነዌ ጥቂት ወራት ጳጳስ ሆኖ ትቶት ወደ በረሓ የሄደ። እሱ ምን ይላል፣ ገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው። እግዚአብሔር እዚያ ላሉት ፍቅሩን አቋርጦ እሳት አላነደደባቸውም። ያው ፍቅር ነው፤ የበደሉትን ፍቅር ማወቃቸው ነው የሚያቃጥላቸው። አንዱ ፀሐይ ሰምን ያቀልጣል፣ ጭቃን ያደርቃል እንደሚባለው። በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠፍቶ የነበረው፣ በሱርስት (በሶርያ ቋንቋ) የተጻፈው የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ተገኘ። እዚያ ላይ የገሃነም ነገር እንኳ ከእግዚአብሔር ምሕረት ውጭ ሊሆን አይችልም እስከ ማለት ይደርሳል። ይህን የቤተ ክርስቲያን ዶግማ ነው አላልኩሽም። ከአንድ መናኝ ልብ የወጣ ነው።

ይህ የልኩን ነገር የሚመልስ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ለእኔ። ቅጣቱ ለሰማንያ ዓመት ኃጢአት የተቆረጠ የእስር ዘመን ከሆነ ያንቺ ተቃውሞ ልክ ነው። ግን ነፍስ የደረሰችበት ሁኔታ ከሆነ ስንት ዓመት ብሎ መቁጠር አይያዝም። ጥላቻን መርጦ የጠነከረ ሰው መንግሥተ ሰማያት መካከል ቢያስቀምጡትም ይነደዋል።

አሁን ወደ ነጻ ፈቃድ። ሲራክ 15 ላይ እሳትንና ውኃን በፊትህ አኖረልህ፣ ወደ ወደድኸው እጅህን ስደድ ይላል። የት ተወለድክ አይደለም የሚለው። እጅህን ወዴት ሰደድክ ነው። እማማ ወረባቦ መወለዷን አልመረጠችም፣ አንቺም በሰማንያ ቀንሽ መጠመቅሽን አልመረጥሽም፤ እዚህ ላይ ያልሽው እውነት ነው። ክርስትና እናትሽም ናት ስለ አንቺ የመለሰችው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችሁም በየቀኑ እጃችሁን ሰዳችኋል። በዚያ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር ማሰር ፈቃድ ነው። ወተት ጓዳ ገብቶ መጠጣት ፈቃድ ነው። ማንም አላስገደዳትም።

ሰባኪው ላይ የምቀየመው እዚህ ጋ ነው። ደብረ ዘይት ላይ ቆሞ ቀረ። የቅዱስ ያሬድ ሥርዓት ግን እዚያ አይቆምም። ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው እሑድ ገብር ኄር ነው፣ ቀጥሎ ኒቆዲሞስ። የመርሳው ወንድሜ የጠቀሰው የኒቆዲሞስ ቃል ገብር ኄርን አልፎ ነው የሚመጣው። በመካከል ያለውን መዝለል አይቻልም።

ገብር ኄር ላይ ምን ይነበባል? ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ። ሲመለስ ባለ ሁለቱን «አምስት የት አለ?» አላለውም። አምስት አልሰጠውማ። ሉቃስ 12ም ይህንኑ ነው የሚለው፤ የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገ እጅግ ይገረፋል፣ ያላወቀ ጥቂት ይገረፋል። ጢሮስና ሲዶና በፍርድ ቀን ከቤተ ሳይዳ ይልቅ ይቀልላቸዋል የተባለውም፣ ተአምራት ያየችው ቤተ ሳይዳ ስለሆነች ነው። ጳውሎስም ሮሜ 2 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ በልባቸው ተጽፎ ያሳያሉ፣ ሕሊናቸው ይመሰክርላቸዋል ብሏል። እንግዲህ ፍርዱ አንድ ሚዛን ቢሆንም የተሰጠው መክሊት ይታያል። እኔና አንቺ ከእማማ የበለጠ ተሰጥቶናል። መጨነቅ ካለብን ለራሳችን ነው።

ሌላም አለ። ወደ ውጭ የተጣለው ባለ አንዱ መክሊት ምን ነበር ያለው? «ካልዘራህባት የምታጭድ፥ ካልበተንህባትም የምትሰበስብ ጨካኝ ሰው መሆንህን አውቃለሁ።» ልብ በዪ፣ ጌታው ያልዘራበትን ያጭዳል ማለት ያንቺው ክስ ነው። አንቺ በጥያቄ ነው ያቀረብሽው፣ አብርሃምም እንዲያ አድርጓል፣ ነውር የለውም። እዚያ መድረክ ላይ ግን ያልዘራበትን የሚያጭድ ጌታ በስብከት ታወጀና እልል ተባለለት። ኧረ ተው!

ማቴዎስ 25ንም እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አነበበው አልሽ። ቁጥር 37ን ግን አልፏት መሰለኝ። ጻድቃኑ «ጌታ ሆይ፥ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ነው ያሉት። ያበሉት እሱን መሆኑን አያውቁም ነበር።

እማማ ድናለች እያልኩሽ አይደለም። ጥምቀት አያስፈልግም እያልኩም አይደለም፤ የኒቆዲሞስ ቃል የጌታ ነው፣ በሩ እሱ ነው። በሩን ለማን እንደሚከፍት የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው። ሰባኪው ቁልፍ አልተሰጠውም፣ እኔም የለኝ።


የመርሳ ልጅ

ዲያቆን፣ የጻፍከው ጥሩ ነው። ግን ሰው ይህን አንብቦ «እንግዲያ ሁሉም ያው ነው» ብሎ እንዳይተኛ እሰጋለሁ። ወጣቱ ድሮም ሰበብ ነው የሚፈልገው።


የሐዲስ ተማሪ (ሐይቅ)

«ብዙ ተሰጥቶሃል፣ ብዙ ትጠየቃለህ» የተባለ ሰው የሚተኛ አይመስለኝም። «አንተ ተጠምቀሃል፣ የሚቃጠለው ጎረቤትህ ነው» የተባለው ነው የሚያንቀላፋው።


ጦሳ ሥር

ዲያቆን፣ ዕድሜ ይስጥህ። ቁጥር 37ን እውነትም አንብቧታል፣ ግን በሩጫ ነው ያለፋት።

አንድ የቤት ጥያቄ አለኝ። አባቴ እሷ ከሞተች ጀምሮ በየዓመቱ በሞተችበት ሰሞን ትንሽ ነገር ያደርጋል። አጎቶቼ ሰደቃ ይላሉ፣ እሱ ምንም አይለውም፣ ዝም ብሎ እንጀራና ወጥ አሠርቶ ለነዳያን ያበላል። ዘንድሮ ካህን ጠርቶ ፍትሐት ላስደርግላት አለ። የንስሐ አባታችን አይሆንም አሉት፣ ተኮራርፈዋል። ማን ነው ልክ?


የሐዲስ ተማሪ (ሐይቅ)

የንስሐ አባታችሁ ልክ ናቸው። ፍትሐት ለተጠመቀ የሚደረግ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው፤ ሥርዓቱን እሳቸው አላወጡትም። ደግሞ እማማም ብትጠየቅ የምትፈልገው አይመስለኝም። የራሷን ይዛ ኖራ የራሷን ይዛ የሞተች ሴት ናት።

ማብላቱን ግን አባትሽ አያቁም። ነዳያን ሲያበላ በልቡ «ጌታ ሆይ አስባት» ቢል የሚከለክለው የለም። የግብፁ ታላቁ አባ መቃርስ ታሪክ አለ። በረሓ ላይ የራስ ቅል አግኝቶ ማን ነህ ቢለው የጣዖት ካህን ነበርኩ አለው። «እዚያ ያሉትን አስበህ በምትጸልይበት ሰዓት ትንሽ ዕረፍት ይሰማናል» አለው። ዕረፍቱ ምንድን ነው ሲለው፣ ሁልጊዜ ጀርባ ለጀርባ ነን፣ ያኔ ግን አንዳችን የሌላውን ፊት በመጠኑ እናያለን አለ። ከእናንተ የባሰ አለ ወይ ቢለው ደግሞ፣ እኛ እግዚአብሔርን ስላላወቅን ጥቂት ይማርልናል፤ አውቀው የካዱት ከእግራችን በታች ናቸው ብሎታል። አባ መቃርስ አለቀሰ ይላል ታሪኩ። እልል አለ አይልም።

አባትሽንና የንስሐ አባቱን አስታርቋቸው። ጾም ነው።


ጋራዥ (ኮምቦልቻ)

የራስ ቅሉ ታሪክ አዲስ ነው ለኔ። እኛ ለሞተ አንጸልይም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ እንለያያለን። ግን አንድ ነገር ሁላችሁም ዘላችሁት አለፋችሁ፤ አስቀድሞ ማወቁ። እግዚአብሔር ማን እንደሚጠፋ ከመፍጠሩ በፊት ያውቃል። ካልቪን የተጨነቀው በዚያ ነው።


የመርሳ ልጅ

ማወቅና ማስገደድ ይለያያል። እግዚአብሔር ስላወቀ አይደለም ሰውዬው ያደረገው፤ ሰውዬው ስለሚያደርገው ነው ያወቀው። ይህ የታወቀ መልስ ነው።


ጦሳ ሥር

ማወቁ አያስገድድም፣ እሺ፣ ገባኝ። ግን እኮ አውቆ ብቻ አልቀረም፣ ፈጥሯልም። ፍጠር ብሎ ያስገደደው የለም። ጌታ ስለ ይሁዳ «ያ ሰው ባልተወለደ ይሻለው ነበር» ብሏል። ለእሱ አለመወለድ ከተሻለው ለምን ተወለደ? ይህ እንኳ ለእማማ አይደለም፤ እሷን ለባለቤቱ ትቻታለሁ። ለራሴ ነው የምጠይቀው።


የሐዲስ ተማሪ (ሐይቅ)

ይህችን እኔ አልደፍራትም። መምህሬ ለጊዜው ወልድያ ናቸው፣ ለሆሳዕና ይመለሳሉ። እጠይቅልሽና የነገሩኝን እዚሁ እጽፈዋለሁ። አንቺ ራስሽ መጥተሽ እንዳትጠይቂ ገዳሙ ሴት አያስገባም።

እስከዚያ የመርሳው ወንድማችን ሰይድ ስለ ቅድመ አያቱ ለጠየቀው መልስ ይስጥ። ከላይ ነው ያለው፣ ዘሎታል።